ክሩን ስትነኩት ዝም የሚለው ጩኸት፦ ጊታርና ቤዝ ቤት ውስጥ በሞዴለር ሲቀዳ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

«ሞዴለሬ ተበላሽቷል፣ መጥተህ እየው» የሚል ስልክ ስንት ጊዜ እንደተደወለልኝ መቁጠር ትቻለሁ። ስሄድ ሞዴለሩ ደህና ነው። የተበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ነው፤ ካልሆነም ከሶኬቱ እስከ ሞዴለሩ የተቀጣጠለው የፎርጅድ ኤክስቴንሽን ሰንሰለት። ስለዚህ ከታች ስለ ጩኸት የጻፍኩት ከሌላው ሁሉ ቢረዝምባችሁ አይግረማችሁ፤ ከቤት ቤት ስዞር የማገኘው እሱን ነው። ኬብል ቀይሩ፣ ቮልዩም ክፈቱ፣ ጊታሩን ቃኙ የሚለውን አልነግራችሁም፤ እሱን ሞክራችሁ እንደመጣችሁ ነው የምቆጥረው።

ሞዴለር ስል የአምፕንና የስፒከርን ድምፅ በዲጂታል የሚያስመስለውን ነው፤ በእግር የሚረገጠውንም፣ ላፕቶፕ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራውንም ማለቴ ነው።

ምልክት፦ ሳትጫወቱ «እምምም» ይላል፣ ክሩን ስትነኩት ዝም ይላል

የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቤዝ ላይ ከወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት የሚወጣው ጂ ደግሞ 49 ኸርዝ። ስለዚህ የመብራት ጩኸት ማለት ትንሽ ከፍ ብሎ የተቃኘ ጂ ማለት ነው። እቺን ጂ ይዛችሁ ስትቆዩ ድምፁ በየሰከንዱ አንዴ የሚወዛወዝ ከመሰላችሁ ጣታችሁን አትውቀሱ፤ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ነው።

ክሊን ፕሪሴት (ዲስቶርሽን የሌለበት፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የድምፅ ቅንብር) ላይ ጩኸቱ እምብዛም አይሰማም። ዲስቶርሽን ሲከፈት ያገሳል። ሰው ታዲያ «ይሄ ፕሪሴት ጫጫታ አለበት» ብሎ ይደመድማል። ፕሪሴቱ ጫጫታ የለበትም። ጌይን ደካማውን ሁሉ እያነሳ ጠንካራ ማድረግ ነው ሥራው፤ ጩኸቱም ከጊታሩ ጋር አብሮ ተነሳ እንጂ ከሞዴለሩ አልተወለደም።

ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፣ እጃችሁ ይበቃል። ዲስቶርሽን ክፈቱና ጊታሩን ይዛችሁ እነዚህን ሞክሩ።

ክሩን ስትነኩ የሚጠፋ ከሆነ ጊታራችሁ ጤነኛ ነው። ሰውነታችሁ የክፍሉን የመብራት ንዝረት እንደ አንቴና እየሰበሰበ ነበር፤ ክሩን ስትነኩ ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት ወደሚሄደው መስመር) ፈሰሰ። ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ወይም ግራውንዱ ላይ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ክሩን ነክታችሁ ምንም ካልተለወጠ፣ የኬብሉን ጃክ ብረት ስትነኩ ግን ከቀነሰ፣ ከብሪጁ ሥር ወደ ግራውንድ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተቆርጧል። መልሶ መበየድ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። (አክቲቭ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ፒካፕ፣ የክሩን ንዝረት የሚይዘው ክፍል፣ ያላቸው አንዳንድ ጊታሮች ይህ ሽቦ ከመጀመሪያውም የላቸውም፤ የሌለውን ፍለጋ እንዳትፈቱት።)

ስትነኩ የሚብስ ከሆነ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደዋል። «አሳድሼዋለሁ» ተብሎ በተሸጠ ጊታር ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ወንበራችሁ ላይ እንደተቀመጣችሁ ሩብ ዙር ስትዞሩ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ፒካፑ ነው የሚሰበስበው። ነጠላ ጥቅልል ያለው ፒካፕ ተፈጥሮው ነው፤ ባለ ሁለት ጥቅልሉ ሃምባከር በ1955 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈው ይህንኑ ለማጥፋት ነበር። ከትራንስፎርመር፣ ከዲመር (ከመብራት ማደብዘዣ) እና ከላፕቶፑ ራቁ፣ ጩኸቱ የሚያንስበትን አቅጣጫ ፈልጋችሁ ወደዚያው ዞራችሁ ቅዱ። እኔ ወለሌ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌያለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

አሁን ወደ መጀመሪያው እንመለስ፣ ማለትም ክር ሲነካ ዝም ወደሚለው።

ሃያ ሁለት አካባቢ የሚኖር፣ ቤተ ክርስቲያን ጊታር የሚጫወት ልጅ ነበር የጠራኝ። በጩኸቱ ተማሮ ያለውን ሞዴለር በኪሳራ ሸጦ በሁለት እጥፍ ዋጋ ሌላ ገዛ። አዲሱም ጮኸ። «ጋሼ፣ ይሄም ፎርጅድ ነው መሰለኝ» አለኝ። ቁጭ ብዬ የእጄን ጀርባ ላፕቶፑ ብረት ላይ ቀስ ብዬ አንሸራተትኩት። ይነዝራል። እንደ ንብ የሚናደፍ ሳይሆን እንደ ሻካራ ጨርቅ የሚይዝ ዓይነት። «ኧረ እሱማ ሁሌም ነው» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ኤክስቴንሽኑን ከሶኬቱ ነቅዬ ፈታሁት። ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ ባለ አምስት መሰኪያ፣ ቀይ መብራት ያላት፣ ላዩ ላይ ደግሞ ትልቅ የአምፔር ቁጥር የተጻፈበት ነው። ውስጡ ሦስት ረድፍ የነሐስ ዘንግ አለ። ሁለቱ ላይ ከክር የማይሻል ሽቦ ተበይዷል። ሦስተኛው ላይ ምንም የለም። ግድግዳ ላይ የሚገባውን ጫፍ ብታዩት ሁለት እግር ነው። ግራውንዱ ለጌጥ ነው የተቀመጠው።

ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ሸፍጥ የበለጠ የተሰወረ ነው። ሁለት ክብ እግር ኖሮት ጎንና ጎኑ ላይ ብረት ያለበት መሰኪያ ታውቃላችሁ፤ የዚያ ግራውንድ ጎኑ ላይ ያለው ብረት ነው እንጂ ሦስተኛ እግር የለውም። «ሁሉንም ይቀበላል» የሚባለው ማከፋፈያ ውስጥ ስትሰኩት ሁለቱ እግሮች ይገባሉ፣ የጎኑ ብረት ግን አየር ነው የሚነካው። ግድግዳችሁ ፍጹም ግራውንድ ቢኖረው እንኳ እዚያች ላይ ይቀራል። ሦስተኛው፣ ዘመድ ከዱባይ ያመጣው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ቻርጀር ነው። ርካሿ አስማሚ ሁለቱን አሳልፋ ሦስተኛውን ታስቀረዋለች።

ታዲያ ግራውንድ ሲጠፋ ጩኸቱ ለምን ይመጣል? በ9 ቮልት አዳፕተር የሚሠራ ሞዴለር ብዙውን ጊዜ የራሱ ግራውንድ የለውም። ግራውንድ የሚያገኘው በዩኤስቢ በኩል ከላፕቶፑ ቻርጀር ወይም በኬብል በኩል ከስፒከሮቹ ነው። እነሱም ከሌላቸው ጊታሩ፣ ሞዴለሩ፣ ላፕቶፑና እናንተ አንድ ላይ አየር ላይ ተንጠልጥላችኋል። የላፕቶፕ ቻርጀር ውስጥ ደግሞ ረብሻ ለማጣራት የተቀመጠች ትንሽ ካፓሲተር አለች፤ ከመብራቱ መስመር ወደ ላፕቶፑ ብረት ጥቂት ታሾልካለች። በመልቲሜትር ብትለኩት መቶ ቮልት ገደማ ሊያሳያችሁ ይችላል። ከረንቱ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ደህና በሆነ ቻርጀር አይገድልም፣ ይነዝራል እንጂ። ጊታሩ ላይ ግን በሙሉ ድምፁ ይሰማል።

መፍትሄው ይህ ነው። ከግድግዳው ጀምሩ። መልቲሜትሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ፌዝ (መብራቱን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (የሚመልሰው) መካከል ለኩ፣ 220 አካባቢ ማሳየት አለበት። ፌዝና ግራውንድ መካከልም ከዚያው የተጠጋ መሆን አለበት። ኒውትራልና ግራውንድ መካከል ጥቂት ቮልት ብቻ። ፌዝና ግራውንድ መካከል 60 ወይም 110 ወይም የሚዋዥቅ ቁጥር ካያችሁ ግራውንዱ የትም አልተያያዘም። መልቲሜትር ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን አትሞክሩ፤ ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

ኤሌክትሪሻኑ ሲመጣ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ። መጀመሪያ የብሬከሩን ሳጥን ያስከፍት፤ ያየኋቸው ብዙ ቤቶች ውስጥ የግራውንድ ሽቦው ከሳጥኑ ድረስ መጥቶ ሶኬቱ ጀርባ ላይ ተጠቅልሎ ቀርቷል። ማሰር ብቻ ነው። ከሌለ መሬት ውስጥ ዘንግ ተቀብሮ መለካት አለበት።

እዚህ ላይ አስተውሉ። «ቀላል ነው» ብሎ ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ አጭር ሽቦ ሊዘልላችሁ የሚፈልግ አለ። አታስነኩት። አንድ ደንበኛዬ ቤት እንዲህ ተሠርቶ ጩኸቱ ጠፋ፣ ሁሉም ተደሰተ። ከወራት በኋላ ቆጣሪው አካባቢ ጥገና ሲደረግ ፌዝና ኒውትራል ተገላበጡ። መብራቱ ይበራል፣ ፍሪጁ ይሠራል፣ ማንም አላወቀም። ግራውንድ የተባለው ግን 220 ቮልት ሆኗል። የስፒከሩ ብረት፣ የሞዴለሩ ሽፋን፣ የጊታሩ ክር ሁሉ ፌዝ ነው። ደንበኛዬ ያመለጠው የላስቲክ ጫማ አድርጎ በእጁ ጀርባ ስለነካው ነው። ጣቱ ክሩን ጨብጦ ቢሆን ኖሮ ጡንቻው ይቆለፋል፣ መልቀቅ አይቻልም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ የግራውንድ እግር አትቁረጡ። ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧ ጋር አታያይዙ፤ የዘንድሮ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው። ጊታር አንግታችሁ እየዘመራችሁ የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ከንፈራችሁ ማይኩን ከመንካቱ በፊት የክሩን ጫፍ ከማይኩ ብረት ጋር አነካኩ። ብልጭ ካለ ሁሉንም ንቀሉ።

ግድግዳው ከተስተካከለ በኋላ ሁሉንም ዕቃ፣ ላፕቶፑን፣ ስፒከሩን፣ ሞዴለሩን፣ ከአንድ ጥሩ ኤክስቴንሽን ሰኩ። ጥሩ ማለቴ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ጎኑ ላይ ብረት ያለው መሰኪያ በትክክል የሚይዝ ነው። ሞዴለር ለመግዛት ሺዎችን አፍስሶ ኤክስቴንሽን ላይ የሚከራከር ሰው አይገባኝም።

ያ የሃያ ሁለቱ ልጅ አሁን ከአንድ ባለ ሦስት ሽቦ ኤክስቴንሽን ይጫወታል። የሸጠውን ሞዴለር መልሶ ሊገዛ ቢጠይቅ ሰውዬው አልሸጥም አለው።

ስለ ኖይዝ ጌት (ድምፁ ሲደክም መስመሩን ስለሚዘጋው) ብዙዎች ይጠይቁኛል። ጌት መድኃኒት ሳይሆን ማስታገሻ ነው። ስትጫወቱ ይከፈታል፣ ጩኸቱም ከኖታው ሥር አብሮ ይገባል። ይባስ ብሎ ትዝታ ወይም አምባሰል ላይ ኖታ ይዛችሁ እያንቀጠቀጣችሁ ቀስ ብሎ እንዲሞት ስትተዉት ጌቱ አንገቱን ይቆርጠዋል። አንድ ሰው ሙሉ ቅጂውን እንዲህ አድርጎ አመጣልኝ፤ እያንዳንዱ ሐረግ መጨረሻው ላይ በር የተዘጋበት ይመስላል። የግድ ካስፈለጋችሁ ከዲስቶርሽኑ በፊት አስቀምጡት፣ ሳትጫወቱ ዝም እስኪል ብቻ ከፍ አድርጉት፣ መልቀቂያውን አስረዝሙ።

ምልክት፦ ማውዝ ስታንቀሳቅሱ «ጢጢጢ» ወይም ፉጨት

ይህ የመብራት ጩኸት አይደለም፣ የላፕቶፑ ነው። ሞዴለሩ በዩኤስቢ ከላፕቶፑ፣ በኬብል ደግሞ ከስፒከሮቹ ጋር ተያይዞ የግራውንድ ቀለበት ሠርቷል። መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ተገኘ። ከሞዴለሩ ወደ ስፒከሩ ባላንስድ ኬብል (ረብሻውን የሚያጠፋ፣ ውስጡ ሁለት የድምፅ ሽቦና ግራውንድ ያለው) ተጠቀሙ፤ ካልበቃ በመካከል ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ (ሲግናሉን ወደ ባላንስድ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን) አስገቡና የግራውንድ ማንሻዋን ጫኑ። ያቺ ቁልፍ የምታነሳው የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ ብቻ ስለሆነ አደጋ የለውም፤ የመብራቱን እግር ከመቁረጥ ጋር እንዳታምታቱት። በዩኤስቢው በኩል ግራውንዱን የምትለይ ርካሽ መለያም አለች፤ ግን በ12 ሜጋቢት ስለምትሠራ አብዛኛው ሞዴለርና ኢንተርፌስ (ጊታሩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው ሳጥን) በእሷ በኩል አይታይም። ገዝቼ አይቼዋለሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

ምልክት፦ ዲስቶርሽኑ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል፤ ወይም ብርድ ልብስ የተከናነበ

ጣሳ ውስጥ ያለ ንብ ከሆነ ካቢኔቱ (የጊታር ስፒከሩን ሳጥን የሚያስመስለው ክፍል) ጠፍቷል። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ይቆርጣል፤ እሱ ካልተመሰለ ዲስቶርሽን በቀጥታ ሲሰማ ጥርስ ያፋጫል። የካቢኔት ብሎኩን ወይም አይአሩን (ከእውነተኛ ካቢኔት የተቀዳውን አሻራ) አብሩ። ብርድ ልብስ ከተከናነበ ደግሞ ካቢኔቱ ሁለት ጊዜ አልፏል፤ ሞዴለሩ አንዱን ጨምሯል፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕለግኢን ሌላውን። ወይም ከሞዴለሩ ወጥታችሁ የጊታር አምፕ ፊት ላይ ሰክታችሁታል። አንዱን አጥፉ።

እዚሁ ላይ፦ ሌሊት ጎረቤት እንዳይረበሽ በዝቅተኛ ድምፅ የሠራችሁት ፕሪሴት ጠዋት ከፍ ስታደርጉት ቤዙ ይጎርፋል፣ ትሬብሉ ይወጋል። ጆሮ ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ሁለቱን ጫፎች አሳንሶ ነው የሚሰማው፤ ሌሊት አብዝታችኋቸዋል ማለት ነው። ፕሪሴት በቀን ሥሩ።

ምልክት፦ ድምፁ ደንዝዞና ደክሞ ይገባል

በሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ኢንተርፌሱ ላይ «ኢንስት» (ኢንስትሩመንት) የምትለዋ ቁልፍ አልተጫነችም። የጊታር መግቢያ 1 ሜጋኦም አካባቢ ይፈልጋል፤ የላይን መግቢያ 10 ሺህ ኦም ገደማ ሲሆን የፒካፑን ትሬብል ይበላዋል። በሚክሲንግ በኢኪው አይመለስም። ስትቀዱም ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይበቃችኋል፤ ቀዩን ካላስነካሁ የሚል አለ፣ ተዉት።

ምልክት፦ ቤዙ ሲቀዳ ወፍራም ነበር፣ ከዲአዩ ጋር ሲደባለቅ ቀጠነ

ቤዝ የሚቀዳ ሰው ንጹሑን ዲአይ (ሞዴለር ያልነካውን ድምፅ) እና ሞዴለር ያለፈውን በሁለት ትራክ መያዙ ጥሩ ልማድ ነው። ሞዴለሩ ግን ለማሰብ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይወስዳል። 5 ሚሊሰከንድ ከዘገየ 100 ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ ከራሱ ጋር ተቃርኖ ይጠፋል፤ የቤዙ ሆድ ማለት ነው። ሁለቱን ትራክ አቅርባችሁ የመጀመሪያውን ኖታ መነሻ እዩ፣ የዘገየውን ወደ ግራ እየገፋችሁ አስተካክሉ። ከዚያ የአንዱን ትራክ ፌዝ (የሞገዱን ላይና ታች እንጂ የመብራቱን አይደለም) ገልብጡና የወፈረውን ምረጡ። እኔ ዲአዩን ከታች፣ ዲስቶርሽን ያለውን ትራክ ከ200 ኸርዝ በላይ ብቻ እተዋለሁ።

«በስልክ ቤዙ አይሰማም» ለሚሉኝ፦ የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው፣ የስልክ ስፒከር እዚያ አይደርስም። ጥቂት ዲስቶርሽን ጨምሩ፣ ጆሮ ከላይኞቹ ተነስቶ የታችኛውን ይሞላዋል።

አክቲቭ ቤዝ ላይ ጫፍ ጫፉ የሚሰነጠቅ ድምፅ ከመጣ ሞዴለሩን ከመንካታችሁ በፊት 9 ቮልቱን ባትሪ ቀይሩ። ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ይበላል። ይህን ለአንድ ባንድ ቤዚስት አራት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ አምስተኛውን ስልኩን አላነሳሁም።

ምልክት፦ ስትመቱ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል

በ48 ኪሎኸርዝ ሳምፕል ሬት 512 በፈር (ላፕቶፑ ድምፁን እያጠራቀመ የሚያሳልፍበት መጠን) 10.7 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሲገባም ሲወጣም ይቆጠራል። ለመቅዳት 128 ወይም 64 አድርጉ፣ ለሚክሲንግ መልሱት። ዊንዶውስ ላይ የዕቃው የራሱ አሲዮ (መዘግየቱን የሚያሳንሰው) ድራይቨር ከሌለ በከንቱ አትልፉ። ድምፁ ካልዘገየ ግን እንደ ባዶ ቧንቧ ከሆነ ሞዴለሩንም ፕሮግራሙንም ባንድ ጊዜ እየሰማችሁ ነው፤ ትራኩ ላይ ያለውን ሞኒተር አጥፉ።

ቶሎ ቶሎ የሚያልፉ

የተቀዳው ሲመለስ አንድ ሴሚቶን ተኩል ገደማ ወርዶ ከሰማችሁ በ48 ኪሎኸርዝ ተቀድቶ በ44.1 እየተጫወተ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጉ።

ላፕቶፑ ሞዴለሩን ጭራሽ አያየውም፦ ኬብሉ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነው።

«ጠቅ ጠቅ» የሚል መቆራረጥ፦ ዋይፋይና ብሉቱዝ አጥፉ፣ ላፕቶፑን ከኃይል ቆጣቢ ሁነታ አውጡ።

በዩፒኤስ ወይም በኢንቨርተር ስትሠሩ ብቻ የሚመጣ ሻካራ ጩኸት፦ ርካሽ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ነው። ላፕቶፑን በባትሪ አድርጋችሁ ቅዱ፣ ወይም መብራት ጠብቁ።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ፦ አዳፕተሩ ላይ 100–240 ካልተጻፈ፣ 120 ብቻ ካለ፣ 220 ላይ እንዳትሰኩት። የአክስት ልጅ በሻንጣ ያመጣው ሞዴለር በደረሰ በአምስት ደቂቃ ሲጨስ አይቻለሁ። የሚተካውን አዳፕተር ስትገዙም ቮልቱን ብቻ አትዩ፤ አምፔሩ፣ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ የሚለው፣ ደግሞም አንዳንድ የድሮ ሞዴለሮች 9 ቮልት ተለዋዋጭ እንደሚፈልጉ። ቀዳዳው ስለገባ ብቻ ትክክል ነው የሚል ሻጭ ገጥሞኛል።

መብራት ሲሄድ ሁሉንም ንቀሉ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ሳይጠፋ መቆየቱን አይታችሁ ሰኩ።

ሞዴለሩ አርማውን አሳይቶ አልነሳ ካለ፦ ሶፍትዌሩ ሲታደስ መሃል ላይ መብራት ሄዷል። አብዛኞቹ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ሲበሩ የሚገቡበት የማዳኛ ሁነታ አላቸው፣ መመሪያው ላይ ፈልጉ። ማደስ ካለባችሁ ላፕቶፑ ባትሪ ይኑረው፣ ሞዴለሩን ዩፒኤስ ላይ አድርጉት፤ የዩፒኤሱ ባትሪም የሞተ አለመሆኑን ቀድማችሁ ከግድግዳው ነቅላችሁ እዩ። የኔ ሞቶ ነበር።